በመዳፍ የተቀመሰ ማሪሳ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ብሩክ «ዛሬስ ከቤት ላውጣህ አባባ» ብሎ ወንዝ ዳር ወደተከፈተ አዲስ ምግብ ቤት ወሰደኝ። ብሩክ እዚህ ጁባ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ይሠራል። ሥራ በሌለው ቀን ምግብ ቤት እያደነ መቅመስ ነው ደስታው፤ ጉዴሌ ሰፈር ውስጥ ጥሩ ፍየል የሚጠበስበትን ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። አሳና ኪስራ በላን። ኪስራ እንደ ወረቀት የሳሳ የማሽላ እንጀራ ነው። ከዚያ አስተናጋጇ፣ የእኛው አገር ልጅ ናት፣ እዚያው ቤት የተጠመቀ ቢራ በትናንሽ ብርጭቆ ደርድራ አመጣች።

«ቅመሱና የወደዳችሁትን እሞላላችኋለሁ» አለች።

እኔ ብርጭቆዬን ሳልነካ ቀና ብዬ አየኋት።

«አባባ፣ ጠጣ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» አለ ብሩክ።

ምን እንደምጠብቅ ለራሴም ቆይቶ ነው የገባኝ። ጋሽ ወርቁ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። የጁባ ወደብ ላይ ከጀልባ የማሽላ ጆንያ አራግፋለሁ። ከሥራ ስንለቀቅ ከነአቧራችን ወደ ካቶር ሰፈር ነው። ምግብ ቤት ተብሎ የተጻፈበት ቤት እምብዛም አልነበረም፤ ግን ጭስ የወጣበት ግቢ ሁሉ ምግብ ቤት ነው። አንዱ ጋ የደረቀ አሳ በለውዝ ወጥ፣ አንዱ ጋ የማሽላ ገንፎ፣ እያሸተትኩ ሰፈሩን አዳረስኩት። ያገሬ ልጆች «ይሄን ደግሞ ትበላለህ?» እያሉ ይጸየፉኝ ነበር። እኔ አትብላ ሲሉኝ ይብስብኛል።

ከሁሉም የምወደው የማማ ፖኒን ማሪሳ ነበር። ማሪሳ የማሽላ መጠጥ ነው፤ ከእኛ ቦርዴ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ወፍራም፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ረሃብም ጥምም የሚያስታግስ። ማማ ፖኒ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በማሪሳ ጋኗ ታሳድጋለች። ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጣ በቅል ትቀዳለች፤ የወደብ ሠራተኛ ሁሉ ደንበኛዋ ነው። ማሪሳ ብዙ አይቆይም። ሰው ካልጠጣው ይደፋል።

ጋሽ ወርቁ በዕድሜ አባቴ ይሆናል። ከአገር ወጥቶ እኔ ጋ አረፈ። ከልጅነቱ ጀምሮ በአንድ ትልቅ ሰው ቤት ጠጅ አሳላፊ ነበር። አሳላፊ ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መጠጡ ንጹሕ ነው፣ አትስጋ ማለቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላ ሰው ቀምሷል። ጁባ ሲገባ «ከእንግዲህ ለማንም አልቀዳም። በተራዬ ይቀዳልኛል» ብሎ ምሎ ነበር።

እኔው ነኝ ማማ ፖኒ ጋ የወሰድኩት። ቅሉን ስትዘረጋለት አልተቀበላትም። ጀርባውን አቅንቶ ተቀመጠና በጣቱ መዳፏን፣ ቀጥሎ አፏን አመለከታት። መጀመሪያ አንቺ ቅመሽ ማለቱ ነው። ፊቱ እስካሁን አይጠፋኝም፤ እንደ ሙሽራ ነበር ያደረገው።

ያላወቀው ነገር ነበር። በዚያው ሰሞን ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ድንገት ሞቶ፣ በመጠጥ መርዝ ሰጥተውት ነው ይባል ነበር። የማን መጠጥ እንደሆነ ግን ስም የጠራ የለም። ጋሽ ወርቁ ጣቱን ሲቀስር ጨዋታው ቀጥ አለ። የጫኞቹ አለቃ ላዶ ቅሉን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ሌሎቹም ተከተሉት።

«ቅመሺዋ» አላት ላዶ።

«እኔ? ሚስትህ ስትወልድ ገንፎ ያበላኋት እኔ? አልቀምስም።»

ብትቀምስ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንደ ሌባ ተጠርጥራ መቅመሱን አልወደደችም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አልቀምስም። «ኸላስ» አለ ላዶ፣ በቃ ማለቱ ነው፤ ተነስቶ ሄደ። «የአገራችን ደንብ ነው!» ብዬ በዚያ በወደብ አረብኛዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ!

ከዚያ ወዲያ ሰው ቀረ። አንድ ቀን ጋኑን አጋድማ ስትደፋው አየሁ፤ ዶሮዎቹ አተላውን ይለቅማሉ። እኔ በየቀኑ እየሄድኩ ሰው በሚያልፍበት በኩል ተቀምጬ እጠጣለሁ።

«ሀበሻ፣ አልሞትክም እንዴ?» ይሉኛል ሲያልፉ።

«እናንተን ሳልቀብር!»

ይስቃሉ፤ አይቀመጡም። አንድ ሰው ብቻውን ስንት ቢጠጣ ጋን አያጎድል።

ጋሽ ወርቁን ይቅርታ ጠይቃት ብለው «ምን አጠፋሁ? ክብሬን ነው የጠየቅሁት» አለኝ።

«ልጆቿ ጦማቸውን እያደሩ ነው ጋሼ።»

«ያ የድሮ ጌታዬ» አለ፣ «አንድ ቀን እንኳ ቅመስ ብሎኝ አያውቅም። ቀጂው ነው አውቆ የሚቀምሰው። ተጠይቆ ከሆነማ ምኑን ክብር ሆነ?»

በማግስቱ ሥራ ሲለቀቅ ታጥቦ፣ ነጠላውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ማንጎው ሥር ቆመ። ለማማ ፖኒ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና ቅሉን በምልክት ለመናት። አመንትታ ሰጠችው። ቀዳ። ወደ ቤታቸው የሚያልፉት ጫኞች እያዩት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቅሉን በሁለት እጁ ለላዶ ዘረጋ።

«ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» አለኝ ላዶ።

«ለጌቶች ነበር እንዲህ የሚያደርገው» አልኩት።

ላዶ ሲያየው ቆየና ተቀብሎ ጠጣ። ጋሽ ወርቁ ለእያንዳንዱ እየቀዳ፣ እየቀመሰ፣ እየሰጠ ሄደ፤ ማንጎው ሥር እንደ ድሮው በሰው ሞላ። አልቀዳም ብሎ የማለው ሰው ላቡን እንኳ አልጠረገም። ሲጨርስ ማማ ፖኒ ቅሉን ከእጁ ወሰደችበት። ራሷ ቀዳች፣ ማንም ሳይጠይቃት በመዳፏ ቀመሰችና ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ጠጣ።

ጋሽ ወርቁ አገሩን ሳያይ እዚሁ ሞተ። ሬሳውን ከፊት የተሸከመው ላዶ ነው። ከዚያ ጦርነት መጥቶ ሁላችንንም በታተነን። ማንጎውም ዛሬ የለም።

ይህን ለብሩክ ስነግረው የቢራው አረፋ ጠፋ። «ሞቀባችሁ፣ ልቀይረው?» አለች አስተናጋጇ። ተዪው አልኳት። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ ዛሬ መጠጥ የሚቀመሰው ይጣፍጥ እንደሆነ ለማወቅ ነው። እኛ ግን የምንቀምሰው የሚጠጣው ሰው እንዳይሰጋ ነበር። ሁለቱ አንድ አይደለም፤ የትኛው እንደሚሻል የሚከራከረኝ ካለ ቁጭ ብዬ እከራከረዋለሁ።

ከብርጭቆዬ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ። መራራ ነው፤ ማሪሳን አያህልም። ለብሩክ ዘረጋሁለት። ሊስቅ ነበር፤ ተወውና በሁለት እጁ ተቀበለኝ።