አበጋሩ የቀጠሩት ቴአትር

በከሚሴ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሃያ ሁለት ዓመት ቴአትር አስተምሬያለሁ። ኮሌጇን የከፈታት የከተማው ነጋዴ ነው። ልጆቹ ቋንቋ፣ ታሪክና ኪነ ጥበብ ይማሩባት አለ፤ ተማሩባት። አላህ ይስጠው። የቴአትር ክፍሉ እኔ ነበርኩ። ኃላፊዋም መምህሯም እኔ፣ መጋረጃውን የሰፋሁትም እኔ።

ስቀጠር ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነበር። ለጥቂት ወራት በሰፈሩ ወሬ ሆንኩ። ባለቤቴን «ሚስትህ ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲሉት «ታስተምራለች» ይል ነበር። ሌላ አልጨመረም። እኔም አልጨመርኩም። ወሬው ምግብ ስላላገኘ ከሰመ።

ሕጌ ጥቂት ነበር። አዛን ሲሰማ ልምምድ ይቆማል፤ መድረክ ላይ የሞተውም ሰው ቢሆን ተነስቶ ውዱእ ያደርጋል። መድረክ ላይ «ወላሂ» አይባልም፤ መሐላ መሐላ ነው፣ የሰው ካባ ደርቦ ስለማለ ለማንም አይቀርለትም። ወንድና ሴት አይነካኩም። በእኔ መድረክ ብዙ ባልና ሚስት ሳይነካኩ ልጆች ወልደዋል፤ ቅር ያለው ተመልካች አልገጠመኝም።

በስምንተኛው ዓመት የኮሌጇ ዲን ቢሯቸው ጠሩኝ። ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ሰዓት ይወዱ ነበር።

«ስንት ተማሪ አለዎት?»

«ዘጠኝ።»

«አምናስ?»

«አሥራ አንድ።»

«ኮምፒዩተር የሚማሩት ወንበር አጥሯቸው መስኮት ላይ ይቀመጣሉ።»

«አይቻቸዋለሁ።»

«አምና ባሳዩት ቴአትር ሰዉ መሃል ላይ ተነስቶ ወጣ።»

እውነት ነው ወጥቷል። ውጭ የአንድ ሰው በሬ ጠፍቶ ነበር። በሬ ጠፋ ሲባል ተቀምጦ ቴአትር የሚያይ ሰው በጨፋ ሸለቆ የለም። ይህን ነገርኳቸው፤ አልቆጠሩልኝም።

«ዘንድሮ አንድ ቴአትር ያሳዩ» አሉ። «የከተማው ሰው እስከ መጨረሻው ከተቀመጠ ክፍሉ ይቀጥላል። ተነስቶ ከሄደ እንዘጋዋለን። እኔ ራሴ ሰዓት እይዛለሁ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሁለት ረከዓ ሰገድኩና መጻፍ ጀመርኩ።

የጻፍኩት የጎረቤታሞች ጠብ ነው። የአንዱ ከብት የሌላውን ማሽላ ይበላል። ይጣላሉ። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ባለማሽላው ባለከብቱን በዱላ መትቶ ይገድለዋል። ይህ ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ክፍል አንድ ሰዓት ሙሉ የሟች እናት ልቅሶና የወንድሙ በቀል ነው። በሃይማኖታችን ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ እንደማይወደድ አውቃለሁ። ሰዉ ግን ያለቅሳል፤ እንዳየሁት ጻፍኩት።

እናትየዋን እንድትሠራ የመደብኳት ተማሪ ከጨፋ ሮቢት የመጣች ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ወንዝ ያሻግራል። ቤት ተከራይታ ስለምትኖር በመጨረሻው ሳምንት ልቅሶውን እዚያው ግቢ ውስጥ ትለማመድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቿ ምግብ ይዘው መጡ።

«አላህ ያጥናሽ። ማንሽ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ። ቴአትር ነው። የሚሞተው ገና ነው።»

«መቼ ነው የሚሞተው?»

«ቅዳሜ።»

ሴቶቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ «ከበሰለ አይመለስም» አለችና ተቀምጠው አብረዋት በሉ። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ ሁሉም እንደሚመጡም ነገረችኝ፤ ሟቹን ማየት ፈልገዋል።

የሰዉ መምጣት አላሳሰበኝም። የሚያሳስበኝ መቀመጡ ነበር። ስለዚህ አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ዘዴውን አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ግን ሠራሁት።

በእኛ አገር አበጋር የሚባል ሽማግሌ አለ። ሥራውን ከአባቱ ይወርሰዋል፤ ደም የተቃቡትን ያስታርቃል። አበጋር በትሩን ተጋዳዮች መሃል ካስቀመጠ በትሩን የሚሻገር ሰው የለም። እሱ ከተቀመጠበት ጉባኤም ቀድሞት የሚነሳ የለም። እኔ የፈለግኩት ይህችን የመጨረሻዋን ነበር። አንድ የተከበሩ አበጋር ፊት ወንበር ላይ ካስቀመጥኩ፣ በሬ ቢጠፋም ማንም አይወጣም።

ቤታቸው ሄድኩ። ስለ ዲኑና ስለ ሰዓታቸው አልነገርኳቸውም።

«አባ፣ ቅዳሜ ከዙሁር በኋላ ቴአትር አለን። ይምጡልንና በዱዓ ይክፈቱልን።»

«ምንድን ነው ነገሩ?»

«ስለ ጠብና ስለ ጉዳቱ የሚያስተምር ነው።»

«ማሻአላህ» አሉ። «እመጣለሁ።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተቀመጡ። ዲኑ ጥግ ይዘው ሰዓታቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አበጋሩ ተነሱና ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ነበር። ዝናቡን ለመኑ፣ ከብቱን ለመኑ፣ በመጨረሻ «በተሰበሰብንበት ደም አይፍሰስ» አሉ። ሰዉ «አሚን» አለ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ «አሚን» አልኩ። ባለዱላው ልጅ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ እሱም «አሚን» አለና ወጣ።

እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ሁሉም እንደተጻፈው ሄደ። ልጆቹ ተጣሉ። ዱላው ተነሳ።

«ዲሲ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። «ተው!»

አበጋሩ ቆመዋል። ሁለት ደረጃ ወጥተው መድረኩ ላይ ደረሱና በትራቸውን በሁለቱ ልጆች መሃል አጋደሙት።

ባለዱላው ልጅ ዱላውን እንዳነሳ ወደ እኔ ዞሮ አየ። «ቀጥል» አልኩት በሹክሹክታ።

«ቲቸር፣ በትር ተቀምጧል» አለኝ።

«ቴአትር ነው፤ ምታው።»

«እናቴ እዚህ ናት፣ ቲቸር።»

ዱላውን አወረደ። እኔም ከመጋረጃው ወጥቼ ወደ ሽማግሌው ቀረብኩ።

«አባ፣ ይህ እውነት አይደለም። ቴአትር ነው።»

«ልጄ፣ ቴአትር መሆኑን አውቃለሁ። ዱዓው ግን ቴአትር አልነበረም» አሉኝ። «ደም አይፍሰስ ብዬ አሚን አስብዬ፣ ቁጭ ብዬ ልይ?»

ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ክፍል የያዘችው ተማሪ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለልቅሶ ተዘጋጅታ ቆማለች።

«መቼ ነው የምገባው?» አለችኝ።

«አልሞተም» አልኳት።

አበጋሩ መድረኩ ላይ ወንበር አስመጡና ነገሩን ከመነሻው ማጣራት ጀመሩ። ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ አስቀመጡ።

«ማሽላው ሲበላ ቡቃያ ነበር ወይስ ያሸተ?»

ይህን አልጻፍኩም ነበር። ባለማሽላው ትንሽ አሰበና «ያሸተ» አለ።

«ቡቃያ ነው! ወላ—» አለ ባለከብቱ፤ ከዚያ ሕጌ ትዝ ብሎት ወደ መጋረጃው አየና አፉን ያዘ።

«ለምን አትምልም?» አሉት ሽማግሌው።

«ቲቸር ከልክላናለች።»

«ደግ አድርጋለች። እንግዲህ የማይማልበት ነገር ከሆነ ያሸተ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ገበሬ ተነስቶ የተባለው ማሳ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ወንዙ ዳር ነው አለ። ገበሬው ወንዙ ዳር አጥር ያላጠረ ሰው ራሱ ጥፋተኛ ነው አለ። ሌላው ተነስቶ ከብት ያልጠበቀው ይብሳል አለ። ከሴቶቹ በኩል ምግብ ይዛ ልቅሶ የሄደችው ጎረቤት ተነሳችና «የእናቱን ልቅሶ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ታረቁ፣ አታስለቅሷት» አለች። እናቲቱ ከጎኔ ቆማ በጣም ተናዳለች። ሦስት ወር ተለማምዳ ነበር።

ለአስር ሶላት ወጥተን ሰገድን። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሳይ በቃ አለቀ አልኩ። ከሶላቱ በኋላ ሰዉ ሁሉ ተመልሶ በየቦታው ተቀመጠ፤ ያልነበሩ ሰዎችም ተጨመሩ። ዲኑ ጥጋቸው ላይ ነበሩ። ሰዓታቸውን ሁለት ጊዜ ሲሞሉት አየሁ።

መግሪብ ሲቃረብ ልጆቹ ታረቁ፤ ባለከብቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ባለማሽላው አጥር ሊያጥር ቃል ገባ። ተቃቅፈው የአበጋሩን ጉልበት ሳሙ። ሰዉ ዱዓ አድርጎ ተበተነ።

ዲኑ ወደ እኔ መጡ።

«አራት ሰዓት» አሉ። «ከሶላት በቀር የወጣ ሰው የለም። ቴአትሩ ሳያልቅ ቀርቶ ነው ወይስ የጻፉት ይኸው ነበር?»

ይኸው ነበር ብል ያምኑኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገና ከዱዓ መነሳቴ ነበር።

«የእኔ ግማሽ ሰዓቱ ብቻ ነው» አልኩ። «ሌላው የእሳቸውና የሰዉ ነው። የእኔን እስከ መጨረሻ ያየ ሰው የለም፣ እኔም ጭምር።»

ዲኑ ሰዓታቸውን አሰሩ። «እንግዲያው ቃላችን...» ብለው ጀመሩ።

አበጋሩ በትራቸውን ይዘው ከኋላችን እየወረዱ ነበር። «መምህር» አሉ ለዲኑ፣ «የዛሬ ዓመት በዚሁ ቅዳሜ፣ ከዙሁር በኋላ፣ እዚሁ።»

«ምኑ፣ አባ?»

«ልጆቹ ሰላማቸውን ጠብቀው እንደሆነ ቀርበው ለሕዝቡ ይናገራሉ። እርቅ እንዲሁ አይለቀቅም፤ ይጠየቃል። አጥሩ መታጠሩንም እናያለን። ቀጠሮ ይዣለሁ።»

ዲኑ እኔን አዩ። ወለሉን አዩ። አበጋር የያዘውን ቀጠሮ ሰርዞ በዚህች ከተማ የሚኖር ሰው የለም፤ እሳቸውም እዚሁ ቤት ሠርተው ነበር።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

ክፍሉ አልተዘጋም። በዓመቱ ሁለቱ ልጆች ያንኑ ልብስ ለብሰው ቀረቡ። አጥሩ ታጥሯል አሉ። «ማን አየ?» የሚል ተነሳና እንደገና እስከ አስር ሶላት ተሟገትን። አበጋሩ ለከርሞ ቀጠሩ። ልጆቹ ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው፣ አግብተውም በየዓመቱ ይመጡ ነበር። በመሃል በእውነት ስለ አንድ ነገር ተኳርፈው ያውቃሉ፤ ቀጠሮው ሲደርስ በግድ ታረቁ። ሕዝብ ፊት ምን ይበሉ?

ሌሎች ብዙ ቴአትሮች ሠርተናል። አንዳንዶቹ እስከ መጨረሻቸው ታይተዋል። አበጋሩንም በሁሉም ላይ ጠርቻለሁ፤ ዱዓውን ግን ሲያልቅ ነበር የማስደርጋቸው።

እናትየዋ ዛሬ ጨፋ ሮቢት መምህርት ናት፣ የአራት ልጆች እናት። ስትደውልልኝ ከሰላምታ በኋላ «ልቅሶዬን ቀብረሽው ቀረሽ» ትለኛለች። አልሐምዱሊላህ እላታለሁ።

ጡረታ ልወጣ በተቃረብኩበት ዓመት አበጋሩ ታመው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ልጃቸው ትራስ ደግፎ አስቀመጣቸው። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ቆይቻለሁ» አሉኝ። «ያኔ ባልነሳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ባለከብቱ ይሞት ነበር፣ አባ።»

«ከዚያስ?»

«ወንድሙ ገዳዩን ይገድላል። ከዚያ የገዳዩ አባት ወንድሙን።»

በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ወደ ጠያቂዎቹ ዞረው፣ ድምፃቸው ቢደክምም ሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «ሦስት ሰው» አሉ። ጠያቂዎቹ «ማሻአላህ» አሉ።

ክፍሌን ከመዘጋት ያተረፉልኝን እኔን ቢቆጥሩኝ አራት ይሆን ነበር። ሲደክማቸው ስላየሁ አልነገርኳቸውም። ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።