ባዶዋን የምትመለሰው መኪና

ሰሞኑን ሾላ ገበያ ገብቼ፣ ከአንድ እህል መጋዘን ደጅ የገብስ አቧራና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ ቢያስነጥሰኝ፣ እትዬ አልታዬ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ እዚሁ ገበያ እህል የሚሰፍሩ ሴት ነበሩ። አጭር፣ ቆጣ ያሉ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ አቧራ የጠጣ። ቁናቸውን ከጉልበታቸው አያርቁም። ሲሰፍሩ ሰው ካናገራቸው ቁጥሩ ይጠፋቸውና ከአንድ ይጀምራሉ። እኛ ልጆች ይህን ስለምናውቅ ሆን ብለን ሰላም እንላቸው ነበር። ስድባቸው ራሱ ይናፍቀኛል።

አባቴ ቶሎሳ ከእንጦጦ ግርጌ፣ የካ ላይ ገብስ ያርስ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ትሬንታ ኳትሮ የምንላት የጭነት መኪና ከአርሲ ገብስ ታጎርፍ ጀመር። ከተሜው እህል ረከሰ ብሎ ደስ አለው፤ የአባቴን ገብስ ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ያቺን መኪና ጠላኋት። አባቴ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ሊሸጥ ቆረጠ። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ይህን ሲነግራቸው እትዬ አልታዬ ወደ መኪናዋ አመለከቱት።

«ባዶዋን እኮ ነው የምትመለሰው። እዚያ አርሲ ሜዳው ላይ ለቤት የሚሆን እንጨት የለም። አንተ ደጅህ ባህር ዛፍ እያለ በሬ ትሸጣለህ?»

ሾፌሩንም ራሳቸው አነጋገሩት። ወሬው ግን ፈጥኖ ኖሮ፣ ኮረብታውን ሙሉ ባህር ዛፍ የተከሉ አንድ ሀብታም ጎረቤታችን መጀመሪያ እኔ ልጫን ብለው መጡ። የሳቸው እስኪያልቅ የእኛ በሬ መሸጡ ነው።

እትዬ አልታዬ ቁናቸውን አስቀመጡ። «ዛፉ ያነሰው ይቅደም። እርስዎ ሳምንትም ይደርስልዎታል» አሏቸው።

ሰውየው አጉረመረሙ። ሾፌሩ ግን እህሉን የሚሰፍሩለት እትዬ አልታዬ ስለሆኑ ከቃላቸው አልወጣም። በማግስቱ አባቴ የባህር ዛፍ አጣናውን ጭኖ፣ በሬውን ሊገዛ የመጣውን ሰው ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። እፎይ ያልኩት ያኔ ነው።

እትዬ አልታዬ ካረፉ በኋላ አባቴ በተራው ብዙ ዛፍ ያለው ሰው ሆነ። አንድ ቀን አጣና የሚጭን መኪና ደጃችን ድረስ መጣለት። ሾፌሩን ቆይ ብሎት፣ ባሏ ወደሞተባት ጎረቤታችን ቁልቁል ወረደ። ስድስት ዛፍ ነበራት።

«አንቺ ቅደሚ» አላት።