ጭሷን እስክታቆም

ሰው በአፉ ይታሰራል፣ ሰው በእጁ ይታሰራል፤ የኔ ባል የታሰረው በጭስ ነው። በሰው መኪና ጭስ! ይኸን ሳነሳ ዛሬም ደሜ ይፈላል፣ አትፍረዱብኝ።

ሀብተማርያም የቡልጋ ልጅ ነው። ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ዝቅ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረች ግቢ ውስጥ አሮጌ መኪና ይጠግን ነበር። ወሬ የሚባል አያውቅም። «ዝም አይነቅዝም» የሚባለው ተረት ለሱ የወጣ ነው የሚመስለኝ። መኪና ሲመጣለት ባለቤቱን «ምን ሆነች?» ብሎ አይጠይቅም። «አስነሳት» ይልና ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ፣ በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ይይዛል። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። ነጭ ሆኖ፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አልቆም ካለ ውሃ ገብቶባታል። በመጨረሻ ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ያሸተዋል።

ያን ሁሉ ጨርቅ የሚያጥበው ማነው? እኔ ጥሩብርሃን ነኛ! ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሳፋ ሙሉ ጥቀርሻ ይዞልኝ ይመጣል። «አሁን የመኪና ቂጥ ማሽተት የሰው ሙያ ነው?» እለዋለሁ። ይስቃል።

ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ጌታሁን ከአንድ ባላባት የተወረሰች አሮጌ ፔጆ ነበረችው። የሕዝብ ናት ይባላል፤ የሚቀመጥባት ግን እሱ ነው። ሾፌሯ አምሐ ይባላል፣ ልጄን አየለን ክርስትና ያነሳ አበልጃችን። አበልጅ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም፤ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል።

ለአብዮት በዓል ሰልፍ ሲሄዱ ያቺ ፔጆ መንገዱን ጉም አለበሰችው። የበላዮቹ፣ የከፍተኛው ሰዎች «ጓድ፣ የያዝከው መኪና ነው ባቡር?» ብለው ሳቁበት። ጌታሁን ውርደቱን ውጦ መጣና መኪናዋን ሀብቴ ደጅ አቆማት። «ጭሷን አጥፋ» አለ፣ አለቀ። ሀብቴ ሞተሯን ፈታ፣ የፒስተኑን ፋሻ ከሌላ ከሞተች መኪና አውጥቶ ለወጠላት፣ ካንዴላዋን ጠረገ። ንጹህ ሆና ወጣች። ሳምንት ሳይሞላት ጉሟን ለብሳ ተመለሰች። ደግሞ ሠራት፣ ደግሞ ተመለሰች። ሀብቴ ምግብ ዘጋው። «ይቺ መኪና በኔ ላይ ምን አላት?» ይላል ለብቻው።

አንድ ቅዳሜ ጨርቁን ሳፋ ውስጥ ልነክር ስል አፍንጫዬን መታኝ። ኩራዝ! ጓዳችን ያለው ኩራዝ ነው የሸተተኝ።

«ሀብቴ፣ ይኼ ጨርቅ ላምባ ላምባ ይላል» አልኩት።

«ቀስ በይ» አለኝ በሩን እያየ። «እኔም ሸቶኛል።»

በማግስቱ አምሐን ቤት ጠራው። «ቤንዚኑን በላምባ እየበረዝክ ሞተሯን ገደልካት። ቤንዚኑን የት ነው የምታደርሰው?» አለው።

አምሐ መጀመሪያ በማርያም ማለ፣ ቀጥሎ በአየለ። በመጨረሻ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ሀብቴ፣ እኔ የምሸጠው መሰለዎት? የሚያስቀዳኝ ራሱ ጓድ ጌታሁን ነው። በጀሪካን ወስጄ ላለኝ ቤት እሰጣለሁ። ከዚያ ‘ያው ሁለቱም ይነዳል፣ የጎደለውን በላምባ ሙላው’ ይለኛል። እምቢ ብዬ የት እገባለሁ?»

በስመ አብ! ሰውዬው ጭሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቅ፣ የገዛ ሌብነቱን ጭስ ነበር አጥፉልኝ የሚለን። እና ለማን ይነገራል? ለራሱ ቢነግሩት፣ አፋችንን ለመዝጋት አንድ ቀን አይፈጅበትም። ለከፍተኛው ቢነግሩ፣ መጀመሪያ የሚለቀመው ጀሪካን ተሸካሚው አምሐ ነው። ዝም ቢባል ደግሞ የሚጠየቀው ያችን መኪና ሁለቴ ፈትቶ የገጠማት ሀብቴ ነው። በየትም ዞረን ብናየው መውጫ የለውም። ሀብቴ ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

በእሁዱ ስብሰባ ጌታሁን ስሙን ጠርቶ አስነሳው።

«የሕዝቡ መኪና ለምን ታጨሳለች?»

«አርጅታለች፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ጠግኛታለሁ ብለህ አስረክበኸኝ አልነበረም?»

«አስረክቤዎታለሁ።»

«እንግዲያው ወይ ሙያ የለህም፣ ወይ አሻጥረኛ ነህ። የቱ ነህ?»

ሀብቴ በር ላይ የቆመውን አምሐን አየው። አምሐ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያገላብጣል፣ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ባሌ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ውስጤ «ተናገር! ተናገር!» ይላል፤ ደግሞ ወዲያው «አደራህን ዝም በል!» ይላል።

ጌታሁን ወደ ሕዝቡ ዞረ። «መኪናዋ ጭሷን እስክታቆም ድረስ እዚሁ ታስሮ ይሥራ! ያቆመች ዕለት በእናንተ ፊት ይፈታል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ አታጨበጭቡም ነበር? አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ እጅ እጃችንን እያየ!

ከቀበሌው ኋላ ድሮ እህል የሚቀመጥባት ክፍል ነበረች፤ እዚያ ከተቱት። ጠዋት ስንቅ አደርሳለሁ። ቀን ያወጡትና በዘብ ታጅቦ ካንዴላ ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይገባል። ጌታሁን የሸጠውን ቤንዚን በላምባ ይሞላል፣ ላምባው መኪናዋን ያስጨሳል፣ ጭሱ ባሌን ያስረዋል። ታዲያ ይኼ ሰው መቼ ሊፈታ ነው? አየለ ሞተር በሰማ ቁጥር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያይና «ዛሬም ታጨሳለች» ይለኛል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እናቴ ለሠርጌ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን የወርቅ መስቀል ሸጥኩና አሥራ ስምንት ማዞሪያ ካለ አንድ ጠላ ቤት ጓሮ ቤንዚን ፍለጋ ገባሁ። ሴትዮዋ የቀዳችልኝን ጀሪካን ሳይ፣ የቀበሌያችን ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ። የገዛ ባሌን ማሰሪያ ገዝቼ ተሸከምኩ።

መንገድ ላይ አብዮት ጠባቂው አስቆመኝ። «ምንድነው የያዝሽው?»

«ላምባ ነው፣ ልጄ» አልኩት። አሳለፈኝ። ለላምባማ ማን ይጠይቃል!

አምሐን ቤቱ አገኘሁት፤ ፔጆዋ ደጁ ቆማለች። ጀሪካኑን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ።

«እትዬ ጥሩ፣ ካወቀ ይገድለኛል።»

«አውቆ ምን ሊል? ‘የሰረቅኩበትን ላምባ ለምን ደፋህ’ ሊል? ስማኝ አበልጄ፣ ልጄን ከጠበሉ የተቀበልክበት እጅህ ይኼው ነው። ያንን ቆሻሻ ከታንከሯ ቀድተህ አውጣና ይኼን ሙላ።»

አለቀሰ። ግን ቀዳው።

በነጋታው ሕዝቡ ስኳር ሊወስድ ቀበሌው ደጅ ተሰልፏል። ሀብቴም ከዘቡ ጋር ቆሟል። አምሐ መኪናዋን አስነሳት። ከማርሚታው የወጣው ነገር ዓይን አይሞላም፣ ትንሽ እንፋሎት ብቻ ነው። አምሐ ነዳጁን ረገጠ፣ አሁንም የለም። ከሰልፉ አንዲት ሴት እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሌላው ተከተላት።

ጌታሁን ማርሚታውን አየ፣ ከዚያ አምሐን አየ። ነገሩ ሲገባው መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁት። ግን ምን ይበል? በሕዝብ ፊት ቃሉን ሰጥቷል።

«ፍቱት» አለ። ሀብቴ ጆሮ ሥር ተጠግቶ ደግሞ፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ «እንግዲህ መድኃኒቷን አውቀኸዋል ማለት ነው። ሰኞ ሰኞ እየመጣህ ታስነሳታለህ። ያጨሰች ዕለት ቦታህን ታውቀዋለህ» አለው።

ሀብቴ ወደኔ ከመምጣቱ በፊት ወደ መኪናዋ ሄደ። ጨርቅ አልነበረውም፤ የነጠላዬን ጫፍ ሳብ አድርጎ ማርሚታው ላይ ያዘና አሸተተው። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ አንገቴ ላይ ቆየ።

ወደ ቤት ጉዞ ጀመርን። አየለ ከሩቅ አይቶን «አባባ!» እያለ ይሮጣል። ልጁ ሳይደርስብን ሀብቴ ቆመ።

«ጥሩዬ።»

«አቤት።»

«ለሚመጣው ሰኞስ?»

እጄን አንገቴ ላይ አደረግኩ። የቀረኝ ማተቤ ብቻ ነበር።