መርከቧ ሰዓት በመለሰች ቁጥር

የእህቴ ልጅ ቱሪስቶች በሚንሸራሸሩበት ትልቅ መርከብ ላይ ልብስ አጣቢ ናት። ስትሄድ እናቷ ተቆጥታ፣ "ከሄድሽ ልጄ አይደለሽም" ብላት ነበር። ልጅቷም ሳትሰማት ወጣች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በድምፅ ተነጋግረው አያውቁም፤ ሰላምታው የሚያልፈው በአባትየው በኩል ነበር።

እህቴ በጉበት ታመመች። ሐኪሞቹ "ቤቷ ሆና የወደደችውን ትብላ" ብለው ሲመልሷት እኔም ባሏም ምን ማለት እንደሆነ ገብቶናል። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሸዋ ሮቢት ወረድኩና ከተማው ውስጥ ባለው የአባታችን ቤት አረፍኩ። የእህቴና የባሏ ቤት ግን ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ማሾ ከሚዘሩበት ማሳ አጠገብ ነው። እዚያ ስልክ አይሠራም። እህቴ ደግሞ ከቤቷ ውጪ አላድርም ብላለች፤ የምትሞትበትን ቦታ መርጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፤ ከልጇ ጋር አውፍ መባባል። በእኛ አገር የተቀያየሙ ሰዎች ሞት ሳይቀድማቸው አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይምራል። እኔ ነገሩን ለማቅለል ፈልጌ፣ "እትዬ፣ ድምፅሽን ልቅዳና ልላክላት" አልኳት።

"አይ ጋዜጠኛ!" አለችኝ። "ዜና መሰለህ? እሷ ሳትጠይቀኝ ምኑን ነው የምምራት? እኔስ እሷን ሳልጠይቃት? አውፍ አፍ ለአፍ ነው።"

አልተከራከርኩም። በሥራዬ ሰው አይሆንም ሲል የእውነቱን መሆኑን መለየት ለምጃለሁ።

መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ልጅቷ ከሥራ የምታርፈው በመርከቧ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ነው። ያኔ በእኛ አስር ይሆናል። እህቴን በባጃጅ አምጥተን፣ አነጋግረን፣ ሳይመሽ መመለስ እንችላለን ብለን ቀን ቆረጥን። ግን በቀጠሮው ዋዜማ መርከቧ ወደብ ለቅቃ ወደ ምዕራብ ውቅያኖሱን ማቋረጥ ጀመረች። በየሌሊቱ ማለት ይቻላል፣ ለሠራተኛው ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሰዓታችሁን አንድ ወደኋላ መልሱ። የእሷ ዘጠኝ ሰዓት እኛ ጋ አስራ አንድ ሆነ፤ ቀጥሎ አስራ ሁለት። ወደ እህቴ ቤት የሚወርድ ባጃጅ ደግሞ በአካባቢው ተኩስ ከተለመደ ወዲህ ከአስራ አንድ በኋላ አይገኝም። መርከቧ በሄደች መጠን የልጅቷ የዕረፍት ሰዓት ከእኛ ቀን ውስጥ እየተንሸራተተ ወደ ጨለማው ገባ።

የእህቴ ባል ሰላቱን የሚያውቀው በአዛን ነው። ስለዚህ የእጅ ሰዓቱን ለመርከቧ ሰጥቷት፣ በእሷ አቆጣጠር እንዲሄድ አድርጎት ነበር። በየቀኑ ከተማ ወጥቶ እኔ ዘንድ ይመጣና፣ ልጅቷ ሰዓት ተመለሰ ብላ ጽፋ ከሆነ፣ ሰዓቱን ፈትቶ አንድ ወደኋላ ያዞራል።

"ባሕሩ ሰዓት ይበላል እንዴ?" አለኝ አንድ ቀን።

"ፀሐይዋ ናት፣ ጋሼ። እነሱ ጋ ዘግይታ ነው የምትወጣው።"

"እሱንማ አውቃለሁ" አለ ተቆጥቶ። "የምጠይቅህ መቼ እንደሚያቆም ነው።"

ሌላ መላ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሥራ ሳትጀምር፣ በመርከቧ ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ ብትደውል፣ በዚያን ቀን ልዩነት እኛ ጋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሆናል። ለእህቴም የሚሻለው ጠዋት ነበር፤ ጠዋት አእምሮዋ ንጹሕ ነው፣ ፀሐይ ስትከር ግን ይደክማትና ሰው መለየት ያቅታታል። ጻፍኩላት። "እሺ አጎቴ፣ ልክ በሦስት" ብላ መለሰች።

በማግስቱ ጠዋት እህቴን በፍራሽ ደግፈን በባጃጅ አመጣናትና ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስተኛናት። ሻሿን አስተካክላ አስራለች። ባጃጅ ነጂው በሩ ላይ ቆሞ፣ "እትዬ፣ መርከቧ እዚህ ድረስ ትመጣለች ወይስ ሮቢት ወንዝ ላይ ልቀበላት?" አላት።

"አንተ ከተቀበልካትማ ገልብጠህ ነው የምታመጣት" አለችው። ሳቅን። ያን ጠዋት እንደዚያ ነበረች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም። እኔ ብደውል አይገባም፤ ልጅቷ ኢንተርኔት የምታገኘው የሠራተኛው መመገቢያ ስትገባ ብቻ ነው። "ደረሰ?" አለችኝ እህቴ። "ደርሷል" አልኳት። ባሏ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ የእሱ ሰዓት አስራ አንድ ይላል። ጥላው ከፍራሹ ላይ ሸሸ፤ ፍራሹን ጎተትነው። እህቴ "ደረሰ?" ማለቷን ቀጠለች፣ ከዚያ "ማን?" አለች፣ ከዚያ ዝም አለች።

የተደወለው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሌሊቱን መርከቧ እንደገና ሰዓት መልሳ ነበር። ልጅቷ ከመተኛቷ በፊት እንደ ሁሉም ሠራተኛ ስልኳን አስተካከለች፤ ማንቂያውም በአዲሱ አስራ አንድ ጮኸ። ስትናገር ገና አላወቀችም። "አጎቴ፣ በሰዓቴ ደወልኩ አይደል?"

ስልኩን በእናቷ ጆሮ ላይ አደረግኩት።

"እማ፣ እኔ ነኝ። እማ፣ አውፍ በይኝ።"

የእህቴ ዓይን ተከፍቷል፤ ማንንም አያይም። ትንፋሿ ይሰማል። ልጅቷ ደጋግማ ጠየቀች። በመጨረሻ አባቷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ፣ "ብላሻለች፣ ልጄ። ብላሻለች" አላት።

ልጅቷ ግን፣ "አጎቴ፣ አንተ ሰምተሃል?" አለችኝ።

አባቷ አየኝ። ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አላውቅም። "ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ስትጠብቅሽ ነበር" አልኳት። "ሦስት ሰዓት ላይ ደህና ትናገር ነበር።"

ወዲያው ገባት። አላለቀሰችም፤ "ለካ ሌሊት መልሰውታል" ብቻ አለች። ከኋላዋ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ሥራ ደርሶባት ዘጋች።

እህቴን ወደ ቤቷ መለስናት፤ ሳትነቃም ያንኑ ቀን ከመግሪብ በፊት እዚያው አረፈች። በማግስቱ ቀበርናት። ከቀብሩ በፊት ከተማ ብቅ ብዬ ለልጅቷ ጽፌላት ነበር። መርከቧ ወደብ እስክትደርስ ቀናት ይቀራሉ፤ መውረድም መመለስም አይቻልም።

የእህቴ ባል ከለቀስተኛው መሀል ተነስቶ አብሮኝ ከተማ ድረስ መጣ። ስልኬ መስመር ሲያገኝ መልእክት ገባ፤ "አባን አደራ። ዛሬ ሌሊትም አንድ ሰዓት ይመልሳሉ" ይላል። አነበብኩለት። ሰዓቱን ፈትቶ አንድ ወደኋላ አዞረና አሳየኝ።

"ልክ ነው?"

አስልቼ አየሁት። "ልክ ነው፣ ጋሼ" አልኩት። መልሶ አሰረው።