ሃምሳ ኪሎ አሸዋ

ከእሳት አደጋ መኪናው ላይ አውርደው የግቢ ዘበኛ አደረጉኝ። በደሉ ይህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጬ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ያልገባሁበት ጭስ የለም። ጉልበቴንም የሰበርሁት በእነሱው ሥራ ነው፤ የበቆሎ መጋዘን ሲቃጠል ጣሪያው ይዞኝ ወረደ። ቢሮው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። የሚያውቅ ያውቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ከበላይ በመጣ ወረቀት ነው። የአካል ብቃት መለኪያ ይላል። ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ በትከሻህ ትሸከማለህ፤ ሳታወርድ ግቢውን ሁለት ዙር ትዞራለህ። ለሴት ሃያ አምስት ኪሎ። ይህን የጻፈ ሰው እሳት ያየው ምድጃ ውስጥ ነው። ቦርጩን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ የሰው ጉልበት ሲለካ ይታየኛል።

በሁለተኛው ዙር ጉልበቴ ከዳኝ። “ወድቀዋል” አሉኝ። ስለተሰበረው ጉልበቴ ልናገር ብል “እሱ ሌላ ጉዳይ ነው” አሉ። በዚያው ሳምንት አንዲት የቋሪት ልጅ፣ ሃያ አምስት ኪሎዋን ይዛ ዞረችና አለፈች። ወንበሬን ሰጧት። ሄልሜቴንም ሰጧት፤ ቢሰፋት ጨርቅ ጠቅጥቃበት አደረገችው። ለእኔ ዱላና ፊሽካ ሰጡኝና በር ላይ አቆሙኝ። መኪናው ሲወጣ በሩን የምከፍተው እኔ፣ በላዩ የምትሄደው እሷ!

“እንዴት አደሩ ጋሼ?” ትለኛለች ጠዋት ጠዋት።

“ግማሽ ሰው በሙሉ ወንበር ሲቀመጥ እያየሁ አደርሁ።”

አንድ ቀን ግን ቆም አለች። “ቀንሱልኝ ብዬ ለመንሁ እንዴ? እንደርስዎ ሙሉውን ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር። እነዚህ ወንዶች ስሜን ትተው ‘ሃያ አምስት ኪሎ፣ ነይ ቱቦውን ያዢ’ ነው የሚሉኝ።”

“ታዲያ ውሸት ነው?”

“ውሸት አይደለም። እሱ ነው የሚያናድደኝ” ብላ ሄደች።

እኔ ደግሞ የባሰ ተናደድሁ። የልቤን ቀድማ ተናገረችብኝ።

ፊደል የቆጠርሁት በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ ያውም ልጆቼ ከሚማሩበት ክፍል፣ ጉልበቴ በማይገባበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። ከዚያ በፊት ለሁሉ ወረቀት አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርሁ ነበር የማትመው። አሁን ግን የማንንም እጅ ሳልለምን፣ አቤቱታዬን ራሴ ጻፍሁ። “እሳት ወንድና ሴት አይለይም። መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን። ሁለታችንም እንደገና እንፈተን። ያለፈ ይቀመጥ፣ የወደቀ ይውረድ።” ለሚስቴ አነበብሁላት።

“ጉድጓዱን እንዲህ አታርቀው” አለችኝ። “ማን እንደሚገባበት አታውቅም።”

“እሷ ናታ የምትገባበት!”

“እንግዲህ” አለች። ሚስቴ “እንግዲህ” ካለች ነገር አለ፤ እኔ ግን አልሰማኋትም።

አቤቱታዬ ተቀባይነት አገኘ። ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉት። ለእኔ አዝነው እንዳይመስልህ፤ ልጅቷን ወረቀቱ አስገድዷቸው እንጂ አልፈለጓትም፣ ምክንያት ሰጠኋቸው። ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ጠረጴዛ አወጡ፤ ኃላፊው ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀመጠ። የመኪናው ወንዶች አጥሩን ተደግፈው ለትዕይንት ቆሙ።

እኔ ቀድሜ ተሸከምሁ። አንደኛው ዙር አለቀ። በሁለተኛው፣ ውኃ መቅጃው ጋ ስደርስ፣ ያ ጉልበት እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ጆንያው ወደቀ፤ እኔም ከጆንያው ጋር። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር።

እሷ ቀጠለች። ወደ ትከሻዋ ልታወጣው ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜም ከደረቷ ላይ ተንሸራትቶ መሬት ወረደ።

“ሃያ አምስቱን አራግፉላት!” አለ አንዱ።

ወደ መኪናው ሄደች። ገመድ ፈትታ መጣች። ጆንያውን ድንጋይ ላይ አቆመችው፣ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ገመዱን በደረቷ አዙራ አጥብቃ አሰረች። እንስራ እንደሚታዘል አዘለችው።

“እሽሩሩ በይው እንጂ! ያለቅስብሻል!”

ጎንበስ ብላ ዞረች። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ስትጨርስ ገመዱን ራሷ ፈትታ ጆንያውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው፤ አልጣለችውም። ሳቁ ከሁለተኛው ዙር አጋማሽ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር።

ኃላፊው ወረቀቱን አነሣ። “‘በትከሻ ተሸክሞ’ ነው የሚለው። ማዘል መሸከም አይደለም። እሷም ወድቃለች።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ድምፁ ማር ሆነ። “ጋሼ፣ ሁለታችሁም ከወደቃችሁ ቦታው በልምድ ለእርስዎ ይመለሳል። እርስዎ ብዙ ሰው ያወጡ ነዎት፤ የምስጋና ወረቀትም አለዎት። ከእሳት ውስጥ ሰው በጀርባ አይወጣም ብለው ይፈርሙልን። ነገ መኪናው ላይ ነዎት።”

ወንበሬ ይኸውና። አንድ መስመር መጻፍ ነበር።

ያ የምስጋና ወረቀት ግን ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ገጠር አንድ የሣር ቤት ተቃጠለ። ውስጥ ሽማግሌ ነበሩ። ገብቼ ትከሻዬ ላይ ጣልኋቸው። በሩ ዝቅ ያለ ነው። ቀና ብዬ አላልፍ፤ ጎንበስ ስል ሽማግሌው ወደ ፊት ይንሸራተቱብኛል። ራሳቸው ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ወደ ኋላ ተመለስሁ፤ እንደገና ሞከርሁ፤ እንደገና ተጋጨ። ጣሪያው እየነደደ ነው። ያኔ ምራታቸው ዘላ ገባች።

“በማርያም፣ ልቀቃቸው!”

ቀማችኝ። በነጠላዋ ጀርባዋ ላይ አስራ፣ እጥፍ ብላ፣ በዚያ በር እንደ ድመት ሾልካ ወጣች። እኔ ተከትያት ወጣሁ። ጀግና ተባልሁ። ጻፉልኝ፤ ምን እንደጻፉ ሳላውቅ ጣቴን ነክሬ አተምሁ። ከዓመታት በኋላ ማንበብ ስችል፣ ከገዛ ግድግዳዬ ላይ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምሁ አነበብሁት፦ “አንድ አረጋዊ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡ።” የዚያች ሴት ነገር የለም። አነበብሁት፤ ተሰቅሎ እንዲኖርም ተውሁት። ሳላነብ ማተሜ የእነሱ ነውር ነው። ካነበብሁ በኋላ ዝም ማለቴ የእኔ ነው።

“ምነው ጋሼ፣ ይፈርሙ እንጂ” አለ ኃላፊው።

“ብዕሩን ስጠኝ” አልሁት። “አንተ የሣር ቤት በር ታውቃለህ? ወርዱንና ቁመቱን?”

“ምን አገናኘው?”

“በትከሻ የያዝኸው ሰው በዚያ በር አያልፍም። የታዘለ ያልፋል። ይህን የማያውቅ ሰው ነው መለኪያ የጻፈልን።”

ልጅቷ ልታመሰግነኝ አንድ እርምጃ ቀረብ አለች። “ተዪኝ!” አልኋት። “ላንቺ ብዬ አይደለም። ወንበሬን ወስደሻል፤ አሁንም እጠላሻለሁ።”

“ይጥሉኝ ጋሼ” አለች። “በሙሉ ኪሎዬ ይጥሉኝ።”

ጻፍሁ። እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ሦስቱም እስክጨርስ ጠበቁ። የሽማግሌውን ነገርም፣ የምራቲቱንም ጨምሬ ጻፍሁ። የምስጋናውን ወረቀት ከግድግዳ አውርጄ በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ ጣልሁላቸው።

ብዙ አጉላሉን። በመጨረሻ ወረቀቱ ታርሞ መጣ፦ ለወንድም ለሴትም ሃምሳ ኪሎ፣ በትከሻ ወይም በጀርባ። በሥራ ላይ ስለተሰበረ ጉልበት አንድ መስመር የለበትም፤ ከዳር እስከ ዳር ራሴ አንብቤዋለሁ። እሷ ከሾፌሩ ኋላ ጸናች። እኔም በሩ ላይ ጸናሁ። ነገሩ የተዘጋው ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን፣ በሚካኤል ማግሥት ነው።