ያልተጠረገው የሃይከል ገጽ

ላዝሃር በዛርዚስ ከተማ የታወቀ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። የሞተ ሞተር ያስነሳል፣ ደንበኛውን ይሰድባል፣ ሻይ ሳያጠጣ ግን ማንንም አይሸኝም። ከሱቁ ጓዳ በር በሌለው አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። «ወደብ» ያልነው የከተማችን ማኅበራዊ ገጽ የሚኖረው እዚያ ነው። ልጆቻቸው ባሕር ሊሻገሩ በጀልባ ወጥተው የቀሩባቸው እናቶች ይጽፉበት የነበረው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ገጽ ያለ ምክንያት ሲዘጋባቸው፣ ላዝሃር ተናዶ የከፈተው ነው።

«የራሳችን ቤት ይኑረን፤ ከዚያ ማን ያስወጣናል?» ብሎ ነበር። ያስወጣን ኩላሊቱ ነው። እጥበት ከጀመረ ወዲህ አቅም ከዳው፤ ተረካቢ ቢያፈላልግም የመጣ የለም። እኔ ሱአድ የልጆች መምህርት ነኝ፤ በገጹ ላይ ተሳዳቢ እገሥጻለሁ እንጂ የኮምፒውተሩን ነገር አላውቅም። ስለዚህ ወደብ ሊዘጋ ሆነ።

ላዝሃር «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ሰው ነው። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ሰዉን ለማሸጋገር ተነሣ። በሌላ ከተማ ያሉ ወዳጆቹ ዘንድ ለየሰዉ አዲስ ገጽ ያስከፍታል፣ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ያስራል፤ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ እየተከተለ ይሄዳል። አሮጊቶቹ ስልካቸውን ይዘው ሱቁን ሞሉት። ፍሪጅ ሊያሠራ የመጣው ቆሞ ይጠብቃል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ላዝሃር የሚሻገረው ዕቃ እንዳይከብድ ብሎ አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ከዓመት በላይ ባለቤታቸው ያልገባባቸው ገጾች ሐሙስ አስር ሰዓት ላይ ይጠረጋሉ። ኮምፒውተሩን ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ እንዲጠርግ አዝዞት ሄደ። ቤት ሲለቁ ጥራጊ ይጣላል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ማንም ክፉ አይለውም። እኛ ዘንድ ግን ባለቤቱ ያልገባበት ገጽ የማን እንደሆነ ማሰብ ነበረበት።

ያሰበችው መብሩካ ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ስልኳን ይዛ ቆማ አገኘኋት። ልጇ ሃይከል በጀልባ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል።

«ሱአድ፣ ይኼ ያልተገባበት ገጽ የሚሉት የነሃይከልን አይደለም?»

«አዎ፣ ኻልቲ መብሩካ» አልኳት፤ ሁላችንም አክስት እያልን ነው የምንጠራት።

«እና ልጄን ሊጠርገው ነው?»

ላዝሃር ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሐሙስ ከእጥበት ቀኖቹ አንዱ ነው። አንዴ የተጠረገ ገጽ ደግሞ በዚያው ስም ተመልሶ እንደማይከፈት ደጋግሞ ነግሮኛል። የባሌን ፒካፕ አስነሥቼ መብሩካን ጭኜ በረርኩ። መብረር እንኳ አልሆነልኝም፤ የወይራ ለቀማ ወቅት ነውና ጆንያ የቆለለ ትራክተር መንገዱን ዘግቶ ይንፏቀቃል። ጥሩምባ ነፋሁ። ሹፌሩ ዞር ብሎ እጁን አወዛወዘ።

መብሩካ በመስኮት አንገቷን አወጣች። «አንተ የሙሐመድ ልጅ፣ ወደ ጎን በል። ወይራህ አይሞትብህም።»

ሆስፒታል ስንደርስ አስር ሰዓት ሊሞላ ነው። ነርሷ በሩ ላይ ገታችን። «አሁን ጠያቂ አይገባም።»

«ጠያቂ አይደለሁም፤ ልጣላው ነው የመጣሁት» አለች መብሩካ፣ አልፋትም ገባች።

ላዝሃር ግራ እጁ ከማሽኑ ጋር ታስሮ ያንቀላፋል። ቀሰቀስኩትና ነገሩን ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «ያ ረቢ፣ አምላኬ… እነሱን አላሰብኳቸውም» አለ። ስልኬን ሰጠሁት፤ በአንድ እጁ መጻፍ አቃተው፤ ኔትወርኩም ጠፋ። መስኮቱ ሥር ስቆም ብቻ ይመጣል፤ ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ከአልጋው ሆኖ ጮክ ብሎ ነገረኝ።

«‹የፍሪጁን በር ክፍት አትተው› ነው። ቃላቱን ሳታራርቂ ጻፊው።»

ከጎኑ የተኛው ሽማግሌ ዓይኑን ገለጠ። «ሚስቴም የምትለኝ ይኼንኑ ነው።»

አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ። መብሩካ ቆማ ከንፈሬን ታያለች። በሁለተኛው ተቀበለኝ። ላዝሃር የነገረኝን ቁልፍ ተጫንኩ። መጥረጉ ቆመ። ልጠርግ ነው የሚለው ጽሑፍ ከስክሪኑ ሲጠፋ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ስክሪኑን አዙሬ አሳየሁት። «ቆሟል» አለ ላዝሃር። «ቤቱ መዘጋቱ ግን አይቀርም፣ ኻልቲ። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ አትቆጪኝ።»

«በል።»

«ሃይከል ለጓደኞቹ በግል የጻፈው ሁሉ አለ። ማን እንደወሰደው፣ ከየት እንደተነሡ፣ ምናልባት የመጨረሻውም ቀን። ሁላችን ተስማምተን ባወጣነው ሕግ የሰው ጽሑፍ የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው። ከሞተ ለእናቱ። ሞቷል በይኝና አሁኑኑ እሰጥሻለሁ። ያን ጊዜ ግን ገጹ የሟች ተብሎ ይዘጋል።»

«ካላልኩስ?»

«ካላልሽ የግሉ ጽሑፍ ከቤቱ ጋር ይጠፋል። እኔ የምችለው አሮጌ አድራሻው ላይ ምልክት መትከል ብቻ ነው። ሃይከልን ብሎ የመጣ ወይም ራሱ የመጣ አንቺን እንዲያገኝ።»

እኔ በልቤ ውሰጂው እያልኳት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ከፖሊስ እስከ ቆንስላ የጠየቀችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። መብሩካ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«ወጥቶ ሲሄድ ለሁሉም የጻፋትን ታውቃታለህ?» አለችው።

«አላስታውስም።»

«ባሕሩ ዛሬ እንደ ዘይት ረግቷል፤ እማዬ፣ እራት ሳትበዪ እንዳትተኚ ይላል። እሷን በቃሌ ይዣታለሁ፤ ትበቃኛለች። ውስጥ ያለው የሱ ነው። ሲመጣ ራሱ ይነግረኛል።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ጻፊ፣ ልጄ። ሃይከል፣ ቤት ቀይረናል፤ በዚህ ግባ በይው።»

ጻፍኩት። እንባዬ ስልኩ ላይ ወርዶ ፊደሉን ያበላሽብኝ ነበር፤ እየጠረግሁ ጻፍኩት።

«የሌሎቹስ?» አለች መብሩካ።

ላዝሃር ዓይኑን ጨፈነ። በዚያች ቅጽበት ሊጠረጉ የነበሩት ልጆች ሁሉ መጡበት መሰለኝ። «የእያንዳንዱን እናት ሳልጠይቅ ኮምፒውተሩን አላጠፋውም» አለ።

ቃሉን ጠበቀ። በየሳምንቱ ከእጥበት ሲወጣ ቀጥታ ወደ ሱቁ እየሄደ አንዲት እናት ያስቀምጣል፣ ያንኑ ይጠይቃል። ከመካከላቸው «ሞቷል» ብላ የልጇን ጽሑፍ የወሰደች አንዲት ብቻ ናት፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአገራችን ወግ የሐዘን ነጭ ለብሳ አየናት። ሌሎቹ ሁሉ ምልክት አስተከሉ። የመጨረሻዋን እናት ከሸኘ በኋላ ላዝሃር ኮምፒውተሩን አጠፋው፤ በጋው ሳይገባም ራሱ አረፈ። በሌላ ከተማ ወዳጆቹ ዘንድ የቀረውን አድራሻ እኔ እጠብቃለሁ። የሚከፍተው ሰው ከስሞች ዝርዝር በቀር ምንም አያገኝም፤ ከየስሙ ሥር እናቱ ያለችበት ተጽፏል። መብሩካ ማታ እራቷን ሳትበላ አትተኛም።