የአባቴ የመኪና ሬዲዮ እና የቃጫው ገመድ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። አንድ አሮጌ ሬዲዮ ተናገረ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ግን ሬዲዮው የአባቴ ነበር፤ ፈትቼ የገጠምኩትም እኔ ነኝ።

አባቴ ከኮንጋ ቡና የሚጭን ሾፌር ነበር። መኪናው ውስጥ ሾፌሮች መንገድ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት፣ ሲቢ የሚባል ሬዲዮ ነበረው። መኪናው ሲሸጥ ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለውና ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው። እኔ ዲላ ለትምህርት ስገባ፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው መምህራችን፣ እንዲህ ያለው ሬዲዮ ጥቂት ክፍሎቹ ቢቀየሩ ባሕር ማዶ ድረስ ሊያነጋግር እንደሚችል ነገሩን። ቤት ስሄድ አባቴን ለመንኩት።

«ከፍተሽው ካልተናገረ ሬሳ ነው የምትመልሺልኝ» አለ።

«አንተው ፊት ይናገራል፣ አባዬ» ብዬ ቃል ገባሁ።

ሳምንታት ፈጀብኝ። የሚናገርበትን ሞገድ የሚወስነውን ክሪስታል ቀየርኩ፤ የላላውን ሽቦ ሁሉ በየድኩ። አባቴም የአንቴናውን ሽቦ የምንወጥርበት ገመድ ከጓሯችን እንሰት ቃጫ ገምዶ ላከልኝ። «ይሄ አይሱዙ ይጎትታል» ብሎ ፎከረ። ከመምህሩ ጋር ሽቦውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ባሉ ሁለት ግራቪሊያ ዛፎች መካከል ወጠርነው። ዓርብ ስንሞክር ኃይሉ አየር ላይ መውጣቱን የሚያሳየው መለኪያ ደህና አነበበ። ወዲያው ደወልኩለት፤ «ነገ ና!»

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ጣለ። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ መጥቶ ሬዲዮው አጠገብ ተቀመጠ። ፈቃዱ የመምህሩ ስለሆነ ጥሪውን እሳቸው አሰሙ። መልስ የለም። መለኪያው ኃይሉ አየር ላይ ሳይወጣ ወደ ሬዲዮው እየተመለሰ መሆኑን ያሳያል። 

ወጥቼ ገመዱን ነካሁት፤ ውኃ ይንጠባጠባል። ሽቦውን ያሰርኩት በቀጥታ ቃጫው ላይ ነበር። የራሰ ቃጫ ኃይሉን ወደ ዛፉ ያሳልፈዋል። እኛ ቤት ከላም እስከ አጥር በቃጫ ስለሚታሰር፣ በመካከሉ ሌላ ነገር ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ይህን ለገማጁ እንዴት ልንገረው? ተመልሼ አንገቴን ደፍቼ ነገርኩት።

«ገመዱ ተበጠሰ?» አለኝ።

«አልተበጠሰም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የአስተሳሰርሽ ነው፤ ገመዴን አትሚ!»

መምህሩ ሳቁ። አባቴ ግን የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን ፈልጎ በሰንጢው ሁለት ቁራጭ አወጣ፤ በየቁራጩም ሁለት ሁለት ቀዳዳ በሳ። በአንዱ ቀዳዳ ሽቦውን፣ በሌላው ቃጫውን አሰርን። አሁን ሽቦውም ቃጫውም የሚነኩት ኃይል የማያሳልፈውን ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

ከቀትር በኋላ መምህሩ ደግመው ጠሩ። ከሬዲዮው ሹክሹክታ ውስጥ የአንድ ሰው ድምፅ በእንግሊዝኛ መለሰ።

«ከየት ነው?» አለ አባቴ።

«ከደቡብ አፍሪካ» አልኩት።

ሬዲዮውን በመዳፉ ዳሰሰው። «እኔ ስይዘው ከፊቴ ካለው መኪና በላይ ሰምቼበት አላውቅም» አለ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ፣ «ልጄ ናት የሠራችው» አላቸው፤ እሳቸው እንደማያውቁ ሁሉ።

መኪናው ከተሸጠ ጀምሮ ዝም ብሎ የኖረው ሬዲዮ ዝምታው ያበቃው በዚያ ቀን ነው፤ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም.።